የጎደለው ቢጫ ቀሚስሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን ስምንት ወር አለፈ። በአርባሽ ልጽፍልሽ አስቤ እጄ እምቢ አለኝ፣ በሰማንያሽም እንደዚያው ሆነ። አሁን የምጽፍልሽ ልቤ ስለበረታ አይደለም። ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። እዚያ ወሬ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ አንቺ ግን ካዛንቺስ ሳለን ሦስት ግቢ አልፎ የተንሾካሾኩትን ትሰሚ ስለነበር አላምንሽም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። መስቀል ፍላወር ጀርባ የተከራየነው ቤት እንዳለ ነው። ያ የጠላሽው የኩሽና ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ አከራያችን ሠሪ እልካለሁ ካሉ ሰነበቱ፣ ሆን ብለው ይመስለኛል። እኔ እዚያው ደምበል አጠገብ ያለው ቢሮ ነኝ፣ ቅዳሜም እስከ ስምንት ሰዓት እንሠራለን። አባዬ ጡረታውን ገና አልለመደውም። ጠዋት ጋራዥ የሚሄድ ይመስል ጫማውን አስሮ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። በካዛንቺስ በኩል አንድ ቀን በታክሲ ሳልፍ የግቢያችን በር የነበረበትን ቦታ ለመለየት ሞክሬ አቃተኝ። ሁሉም ፈርሶ መንገድ ሆኗል።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስትሰፊው ኖረሽ ሳትጨርሺው የሄድሽው ብርድ ልብስ ተጣጥፎ አባዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። የስፌት መኪናሽንም አባዬ «ባላየው ይሻለኛል» ስላለ በአንሶላ ሸፍነን ጓዳ አስገባነው።

ከሰዓት በኋላ ምሳ ተበልቶ ሲነሳ ቁርጥራጭ ጨርቆችሽን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፊ ትታይኛለሽ። ሥራሽ አልነበረም፣ ሸጠሽውም አታውቂም፤ እንዲሁ ደስ ስለሚልሽ ነው። የቄራው ልብስ ሰፊ የተረፈውን ጨርቅ በፌስታል ሞልቶ ቢሰጥሽም ለገበር ብቻ ነበር የምታውዪው። ለላዩ የማን እንደሆነ የማታውቂውን ጨርቅ አታስገቢም። የእኔ ዩኒፎርም፣ የአባዬ ሰማያዊ ቱታ፣ የካዛንቺሱ ሳሎን መጋረጃ፤ ሁሉንም በሳሙና ስባሪ አስምረሽ እኩል እኩል ትቆርጫቸው ነበር። በመቀስሽ ወረቀት የቆረጠ ሰው ያን ቀን ከአንቺ ጋር አይነጋገርም። አባዬ ደግሞ በአጠገብሽ ባለፈ ቁጥር «ድሪቶሽ አላለቀም?» ይልሻል። ታናሽ እህትሽ፣ አክስቴ ወይንሸት፣ ከመጣች እሷም አብራው ትስቃለች። ድሪቶ የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያቃጥልሽ ሁለቱም ያውቁ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ አልዋሽሽም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አርባሽ ሲወጣ አክስቴ፣ ልብሷ እንደ ወጉ ለነዳያን ይሰጥ አለች። እኔ እስከ ሙት ዓመቷ ይቆይ አልኩ፤ ሽታሽ ገና አልለቀቀውም ነበር። አባዬ ሶፋው ላይ ሆኖ ይሰማናል። ከአክስቴ ጋር ሆነን ቡናማው ሻንጣ ውስጥ አጣጥፈን ከአባዬ አልጋ ሥር አስገባነው። መርማሪዋ ትይኝ የለ? የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ደብተር ላይ ጻፍኩት።

ወር ሳይሞላ ሻንጣውን ከፈትኩ። ላሸትሽ ነበር የከፈትኩት፣ ነገር ፍለጋ አልነበረም። ቢጫዋ አበባ ያላት ቀሚስሽ የለችም። እንደገና ከደብተሩ ጋር አስተያየሁ። ወይን ጠጁ ሻሽሽም የለም።

ልቤ ወዲያው ወደ አክስቴ ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሥራ ስሆን ከቄራ እየመጣች የሳምንቱን ወጥ ሠርታልን በስድስት ሰዓት ትመለስ ነበር። የቤቱ ቁልፍም አላት። ከጠረጠርኩ በኋላ የማየው ሁሉ ምስክር ሆነብኝ። ስትመጣ ባዶ የነበረው ዘንቢሏ ስትሄድ የሞላ መሰለኝ። የአክስቴ ልጅ አንድ እሑድ ቢጫ ሻርፕ አድርጋ ብትመጣ ጫፉን ይዤ ስፌቱን አገላብጬ አየሁት። ከየት ገዛሽው ብዬ ጠየቅኳት፤ ስትነግረኝም አላመንኳት።

በመጨረሻ በየሳምንቱ ዓርብ የሻንጣውን ሁለት ዚፕ በነጭ ክር ማሰር ጀመርኩ፣ ለማንም ሳልናገር። ቅዳሜ ስመለስ ክሩ ተበጥሶ አገኘሁት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ተበጥሶ ነበር፤ አንድ ሹራብና አንድ ጉርድም ጎድለዋል።

አባዬ በዚያው ሰሞን አውራ ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎ ነበር። ምን ሆንክ ስለው በር ቆነጠረኝ አለኝ። በሩን ሄጄ እንኳ አላየሁም። አከራያችንን፣ የአክስቴን ልጅ፣ ሚዛን የሚያጎድል የሚመስለኝን ባለሱቅ ሁሉ የምጠረጥር ሰው፣ እሱን እንዲሁ አመንኩት።

አንድ እሑድ ዘመድ ምሳ ሊበላ ተሰብስቦ ነበር። አክስቴ ወጥ እያወጣች ለሰው ታድላለች። ለብቻዋ ጠርቼ ልጠይቃት እችል ነበር፣ እማዬ። ሰው ፊት ጠየቅኳት፤ ሰው ፊት እንድትዋረድ ፈልጌ ነው።

«አክስቴ፣ የእማዬን ቢጫ ቀሚስ ለማን ሰጠሽው?» አልኳት።

ጭልፋውን አስቀመጠች። መጀመሪያ ያልገባት መሰለች፤ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ቀሚሱን ብቻ ሳይሆን ሻሹንም፣ ሹራቡንም፣ ጉርዱንም ቆጠርኩላት። ደብተሩንም አመጣሁት። አክስቴ ደብተሩን አላየችውም፤ ያየችው አባዬን ነው። እሱ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ እንጀራውን ይቆራርሳል። በእሷ አፍሮ ነው ብዬ አሰብኩ።

«እህቴ ብትኖር ይህን አትይኝም ነበር» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ቁልፋችንን በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ትታልን ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ መምጣቷን ተወች። ወጡን እኔ ሠራሁ፣ ጨው በዛበት፣ አባዬ ግን በላው። ክሩን ግን ማሰር አልተውኩም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ስመለስ ተበጥሶ አገኘሁት። ያኔ እንኳ ምን እንዳሰብኩ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። አክስቴ ቁልፉን ከመመለሷ በፊት አስቀርጻ፣ አባዬ ወጣ ሲል ትገባለች አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እጅ ከፍንጅ ልይዛት አለቃዬን አስፈቅጄ በአምስት ሰዓት ወጣሁ። ከደምበል እስከ ቤት በእግሬ ነው የሮጥኩት፣ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ።

አባዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ መነጽርሽን አድርጎ። ብርድ ልብስሽ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። ቢጫ ቀሚስሽ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ ወለሉ ላይ ተቆራርጦ ነበር። የስፌት መኪናውን አይችልበትም፤ በወፍራም ጥቁር ክር በእጁ ነው የሚሰፋው፣ ስፌቱም አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ሁሉም ጠማማ። አንቺ ከተውሽበት ሁለት ረድፍ አስኪዶታል። ሲያየኝ ሥራውን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ፣ መርፌው እጁን ወጋው።

«ለሰው እንዳትሰጡብኝ ብዬ ነው» አለኝ።

ተቀመጥኩ። አክስቴን ስከሳት ለምን ዝም አልክ አልኩት። አባዬ እንደዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «ዕድሜዋን ሙሉ ድሪቶ እያልኩ ሳቅኩባት። ወይንሸትም አብራኝ ስትስቅ ኖራለች። አሁን በእሷ ፊት እኔ ነኝ የምሰፋው ልበል?» አለ። ያን ጊዜ በሁለታችንም ተናደድኩ። እሱ እፍረቱን ለመሸፈን እሷን ሌባ አስባላት፤ ሌባ ያልኳት ግን እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቄራ ሄድን። አባዬ ብርድ ልብሱን በፌስታል ይዞ ነው የሄደው። አክስቴ ከፈተችልን፣ ግቡ ግን አላለችም። እሱ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፣ ድሪቶ የሚለውን ቃል ሳይቀር፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን አውጥቶ ሰጣት። ወደ ውስጥ ይዛው ገብታ አልጋዋ ላይ ዘረጋችው። እኛም ተከትለናት ገባን። በእጇ ያንቺን ስፌት ዳሰሰች፣ የእሱን ዳሰሰች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባዬም አለቀሰ። ሲበቃቸው አክስቴ ዓይኗን ጠርጋ እሱን ይቅር ብዬሃለሁ አለችው። ወደ እኔ ስትዞር ይቅርታዬን ለመቀበል መስሎኝ ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። በእጇ ያዘችኝ።

«አንቺ ግን ቆይ። ገና አልወጣልኝም» አለችኝ።

እንዲህ ነው የሆነው፣ እማዬ። ልብስሽ ለሰው አይሰጥም፣ ተስማምተናል። አባዬ ሳይደበቅ ይሰፋል፤ ስፌቱ አሁንም ጠማማ ነው፣ አንቺ ብታዪው ፈትተሽ ትሠሪው ነበር። አልረሳሽም። ግን አንቺን ሳስታውስ ደጉን ብቻ ለይቼ አላስታውስም፣ ቃሌ ነው። ስላንቺ ወደፊት ለምወልዳቸው ልጆች በነገርኩ ቁጥር፣ በቀሚስሽ ሰበብ እህትሽን ሰው ፊት እንዳዋረድኳት አብሬ እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ቄራ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ትከፍትልኛለች፣ ተቀምጠን ስላንቺ እናወራለን። አንዳንዴ ጎረቤቶቿ የለችም ይሉኛል። ጫማዋን በሩ ላይ አየዋለሁ፣ ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። ምንም አልጠይቅም። ቆይ ብላኛለች፣ እቆያለሁ።

ልጅሽ