ከመጦሪያ ቤቱ ያመጣኋቸው አሥራ አራት ወረቀቶች

ውድ ማቪስ፣

ስምሽን ከጻፍኩ በኋላ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፣ ሰሃን አጠብኩ፣ ያልቆሸሸ መስኮት ወለወልኩ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ እህቴን "ውድ" ብዬ ጠርቼ ቀጥሎ ምን እንደምል ግን አላውቅም። የገና ካርዶቼን ሳትከፍቺ እንደምትጥያቸው ልጅሽ ፓውላ ነግራኛለች። ብትከፍቻቸውም "መልካም ገና፣ ኔቪል" ከሚል በቀር የምታገኚባቸው ነገር አልነበረም። ይሄኛው ረዘም ይላል። ካልፈለግሽ ጣይው፤ ቅር አይለኝም። ውሸቴን ነው፣ ይለኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ዴል ሂርስት ነው። የተጣላንበት የራግቢ ክለባችን የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ምርጫ ካለፈ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ግማሹን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ልናገረው፣ ካልሆነ አይወጣልኝም።

ታርንሾ ከተማችን ውስጥ ሰው የሚከበረው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ እኛ ግን ዛሬም የምናከብረው ተጎድቶ ሥራ የገባን ሰው ነው። አባባ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ጉድጓድ ወረደ ሲባል እኔ ደረቴን እነፋለሁ። ዴል ደግሞ እንደዚያ ያለ ልጅ ነበር። ከፊት መስመር ሆኖ እንደ በሬ የሚጋፋ፣ የመጣውን ሁሉ ጥሎ የሚይዝ፣ ጭንቅላቱ በነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ ፋሻው በእረፍት ሰዓት ቀይ የሚሆን። ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ውኃ ይደፉበታል፣ ሐኪሙ ውጣ ሲለው እጁን ገፍትሮ ወደ ሜዳ ይመለሳል። እኛ ያኔ ነበር ጉሮሯችን እስኪደርቅ ስሙን የምንጠራው። አንቺም ትጠሪ ነበር፣ አትካጂ።

ታዲያ በዚያ ዓመት፣ የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁልጊዜ ከምንቆምበት ብረት አጥር አጠገብ ቆመን ሳለ፣ የሥጋ ፓይሽን እየበላሽ እንዲሁ ጣል አደረግሽው።

"እኔ ዘንድሮ የምመርጠው ጄሮምን ነው።"

"ማንን?"

"ጄሮምን። ሠላሳ አንድ ጊዜ አስቆጥሯል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?"

"የድራክስሊን ልጅ? ከባላንጣዎቻችን በውሰት የመጣውን? ቁምጣው ነጭ እንደሆነ ገብቶ ነጭ እንደሆነ የሚወጣውን?"

"ቁምጣ ነው እንዴ የምንመርጠው?" አልሽኝ።

ያ ወፍራሙ ሆራስ ከኋላ ሆኖ፣ "ማቪስ፣ ልጁ መልከ መልካም ስለሆነ ነው አይደል? በዚህ ዕድሜሽ" አለ።

"አንተ ፓይህን ብላ፤ አፍህ ሥራ ሲይዝ ነው የሚያምርብህ" አልሽው፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ቀልድ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ በየፀጉር ቤቱ፣ በየፖስታ ቤቱ ወረፋ፣ በየሰው በር ዞርሽ። "ለጄሮም ምረጡ፣ ዴል አምና ወስዶታል" ትያለሽ አሉ። ሰው ለምን ሲልሽ ትርጉም ያለው መልስ የለሽም። ቆሽቴ አረረ። የገዛ እህቴ፣ የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ ለጠላት ሰፈር ልጅ ድምፅ ስትለምን። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ለዴል ድምፅ ፍለጋ የወጣሁት ዴልን ስለምወድ ሳይሆን አንቺን ማሸነፍ ስለፈለግሁ ነበር። እልህ ነበር፤ አሁን ስሙን አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ አረጋውያን መጦሪያው ሄድኩ። ጉድጓድ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሽማግሌዎች ሁሉም የዓመት ትኬት አላቸው፤ ሜዳ ባይመጡም ክለቡ ይሰጣቸዋል፣ ስለዚህ ድምፅ አላቸው። ከዚያ በፊት ማንም የምርጫ ወረቀት ወስዶላቸው አያውቅም። ለአሥራ አራቱም አደልኳቸው። ከነሱ አንዱ፣ ዊልፍ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እጁን ይዤ "ዴል" ብዬ አጻፍኩት። "የቱ ነው ዴል?" አለኝ። "ደም የሚፈሰው" አልኩት። "እ፣ እሱ ጥሩ ልጅ ነው" አለ።

እሑድ ከሰዓት፣ ከጨዋታው በኋላ፣ የክለቡ አዳራሽ በሰው ታጭቆ ሳለ፣ ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ባንኮኒው ስመጣ የድምፅ ሳጥኑ አጠገብ ቆመሽ ጠበቅሽኝ።

"ኔቪል፣ እነዚያን አትክተታቸው።"

"ለምን?"

"ለኔ ስትል።"

"ምክንያትሽን ተናገሪ።"

"አልችልም። ልጁ ደክሞታል በቃ። ይረፍ።"

"የደከመ ሰው ነው በአንድ ጨዋታ አርባ ሰው ጥሎ የሚይዝ?"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አልሽ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ደግሞ፣ "አባባንም እንዲህ እያጨበጨብንለት ነው የቀበርነው" አልሽ።

አባባን ባታነሺው ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። አይ፣ አልልም ነበር። አዳራሹ እስኪሰማ ጮኬ፣ "ባል እንኳ መምረጥ ያላወቅሽ ሴት፣ ዛሬ ተጫዋች ልትመርጪልን ነው?" አልኩሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሆራስ ቢራው በአፍንጫው ወጣ። ያ ሰውዬ ጥሎሽ ከሄደ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። አንቺ ካፖርትሽን ለበስሽ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍሽ፣ ወጣሽ። በሦስተኛው ሳምንት ዊትቢ ባሕሩ ዳር ቤት ተከራየች አሉኝ።

እኔ ወረቀቶቹን ከተትኩ። ዴል መቶ አርባ ሦስት፣ ጄሮም መቶ ሠላሳ ሁለት። በአሥራ አንድ አሸነፍንሽ። ብርጭቆዬን ያነሳሁት ወደ ዴል ሳይሆን ወደወጣሽበት በር ነበር። ዴል መድረክ ላይ ወጥቶ ሽልማቱን ታቀፈና፣ "እንግዲህ አንድ ዓመት እጨምራለሁ" አለ፤ ጣራው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ሚስቱ ሊንዚ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ አላጨበጨበችም። የኮራች መስሎኝ ነበር።

የጨመረውን ዓመት አንቺ አላየሽውም። ሦስት ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ሦስት ጊዜም ተነሳ። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ተነስቶ ሄዶ ከተቃራኒው ቡድን ተጫዋቾች ጋር ተሰለፈ። ማሊያቸው አረንጓዴ፣ የሱ ቀይ። ዳኛው እስኪመልሰው ድረስ እዚያው ቆሞ ኳስ ይጠብቅ ነበር። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ፣ ማቪስ።

እውነቱን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ክለቡ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ነገር መርሳት ለጀመሩ የቀድሞ ተጫዋቾች ሻይና ብስኩት ያዘጋጃል፤ እኔም ሥራ ፈት ስለሆንኩ ሻይ እቀዳለሁ። አንድ ሐሙስ ሊንዚ ዴልን በክንዱ ይዛ ገባች። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አየ፣ ጣራውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየና ፈገግ አለ። እሱ ከተቀመጠ በኋላ ሊንዚን ስለ አንቺ ጠየቅኋት፤ እንዲያው ለወሬ።

"ማቪስ አልነገረችህም?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እስከዛሬ ምስጢሬን ጠብቃልኛለች ማለት ነው" አለች።

ሁሉንም ነገረችኝ። በዚያ በጋ ከልምምድ ሲመለስ አሥር ዓመት የነዳበት መንገድ ጠፍቶት ሌላ ከተማ እንደተገኘ፣ ልጁን በውሻቸው ስም እንደጠራት፣ ማታ ማታ እንደሚያስታውከው። አቁም ብላ ስትለምነው፣ "ደጋፊው ዘንድሮ ካልመረጠኝ አቆማለሁ፤ ከመረጠኝ ግን በምን ፊቴ?" እንዳላት። ለሰው ብትናገር ጥሏት እንደሚሄድ እንደዛተባት። አንቺ ዘንድ የመጣችው ሌላ ሰው ስለሌላት ነው፤ ቃልም አስገባችሽ። ባንኮኒው አጠገብ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ኖሮ ያ የሳቀብሽ ሕዝብ ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር። አልተነፈስሽም። ካፖርትሽን ቆለፍሽ።

"አንተ አላወቅህም፣ አልቀየምህም" አለችኝ ሊንዚ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሞቹ ይህን ያመጣው ጭንቅላቱን የተመታው ብዛት ነው፣ የሄደውም አይመለስም ብለዋታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር። አሁን ብጮህ ለማን ይጠቅማል?

ዴል ከዚያ ሳምንት አልወጣም። ድምፁ ሊቆጠር የነበረበት ሳምንት ላይ ቆሞ ቀርቷል። የመጀመሪያው ቀን ሻዩን ሳቀብለው ጠጋ ብሎ፣ "ኔቪል፣ ድምፁ ተቆጠረ?" አለኝ። ደስ ላሰኘው ብዬ፣ "ተቆጥሯል እንጂ። በአሥራ አንድ ድምፅ አሸንፈሃል" አልኩት።

እጆቹን አየ። "እንግዲያው መጫወቴ ነው" አለ። ከዚያ ተንበርክኮ በየወንበሩ ሥር ታኬታውን መፈለግ ጀመረ። ሊንዚ መጥታ እስክታነሳው ድረስ ሲዳብስ ነበር።

ማቪስ፣ ልጁ መሸነፍ ነበር የሚፈልገው። አዳራሹ ስሙን እየጠራ ሲጮህ እሱ የጄሮም ስም እንዲጠራ ይጠብቅ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዷን እኔ አባረርኳት።

አሁን ሲጠይቀኝ፣ "ጄሮም ወሰደው" እለዋለሁ።

"በስንት?"

"በሦስት።" የኔን አሥራ አራት ብታወጪ በሦስት ነው፤ ብዙ ጊዜ አስልቼዋለሁ።

"ተመስገን" ይላል፤ ትከሻው ይወርዳል፣ ብስኩቱን ያነሳል። "ለሊንዚ ልንገራት።" እሷም ከማዶ ሆና፣ "ሰምቻለሁ የኔ ጌታ፣ በቃ አሁን ታርፋለህ" ትለዋለች። ደስታው አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው። ከዚያ ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ "ኔቪል፣ ድምፁ ተቆጠረ?"

ይቅርታ አልለምንሽም፤ ብትሰጪኝ የት አስቀምጠዋለሁ? ተመለሽም አልልሽም። ያስጻፈኝ ያለፈው ሐሙስ ነው። ዴል በሦስት መሸነፉን ሰምቶ ሻዩን ከጠጣ በኋላ፣ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

"ማቪስ ማንን መረጠች?"

"ጄሮምን" አልኩት።

"እሷ ትወደኛለች" አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንተስ?"

ከሁለት ዓመት ውሸት በኋላ መዋሸት አቃተኝ። "አንተን" አልኩት።

ያን ትልቅ እጁን እጄ ላይ ጫነ። ፊቴን እያየ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው በለሰለሰ ድምፅ፣ "አይዞህ ኔቪል" አለኝ፣ "ተሸንፈሃል እኮ።"

ወንድምሽ
ኔቪል