የስለት መጋረጃቸውን ለሰው ደብር የሸኙት ወይዘሮ ሳህሊቱ ዓባይ

ወይዘሮ ሳህሊቱ ዓባይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ዓባይ ወልደ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባየች ደስታ በ1896 ዓ.ም. በመሰላ ተወለዱ። ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊትም ደገሙ። ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ ኋላ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ግን የሚሮጡት ወደ እሳቸው ነበር።

በ1911 ዓ.ም. የሲራራ ነጋዴውን አቶ ገብሬ ተሰማን በተክሊል አግብተው አሰበ ተፈሪ ገቡ፤ በገበያውም በርበሬና ሽንኩርት ይነግዱ ጀመር። ልጅ ቢዘገይባቸው በደብራችን ሥዕለ ማርያም ፊት ተንበርክከው፣ ልጅ ብትሰጪኝ የሐር መጋረጃ አለብስሻለሁ ሲሉ ተሳሉ። በ1927 ዓ.ም. ታደሰ ተወለደላቸው። ስለታቸውን ሳያደርሱ ግን ጠላት ገባ፤ በ1929 ዓ.ም. አንድ የጣሊያን መኮንን ሥዕሏን ጭኖ ወሰዳት።

በ1939 ዓ.ም. ኢጣሊያ የዘረፈችውን ቅርስ እንድትመልስ፣ ካሣም እንድትከፍል በውል ታሰረች። ከዚያ ወዲያ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም ሁሉ ከወይዘሮ ሳህሊቱ ጥያቄ አያመልጥም ነበር። ካሣው የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ የእኛ ጉዳይ ማርያማችን ናት ይሉ ነበር። ባለቤታቸውን በ1946 ዓ.ም. ቢያጡም ተስፋቸውን አልጣሉም፤ ሐሩን ገዙ፣ ጠርዙንም ጎረቤታቸው ወይዘሮ መይሙና በወርቅ ክር ዘመዘሙላቸው።

በ1951 ዓ.ም. ሥዕሏ መጣች ተባለ። ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ሕዝቡ የቦርደዴን መንገድ ይዞ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለ። በደብራችን ልማድ ሥዕል እንደተሸፈነች ትገባለች፤ ማኅሌት ተቆሞ ሳያድር አትገለጥም። እሳቸውም ከጉጉታቸው የተነሣ ማንም ፊቷን ሳያይ መጋረጃውን አልብሰው ስለታቸውን አደረሱ። በማግስቱ ስትገለጥ ግን ሕዝቡ ሌላ ሥዕል ሆና አገኛት። ከሥዕሏ ግርጌ አንድ የጎጃም ባላባትና ሚስቱ ተንበርክከው ይታያሉ፤ ስማቸውም ከነደብራቸው ተጽፏል። የእኛዪቱ ግርጌ ሰው አልነበረባትም።

ሽማግሌዎች መከሩ። ማርያም አንዲት ናት፣ ይህችንም ብንሰጥ ባዶ እጃችንን እንቀራለን ያሉ በዙ። ሐሳባቸው ከናፍቆት እንጂ ከክፋት አልነበረም። ወይዘሮ ሳህሊቱም የዕድሜ ልክ ስለታቸው በሰው ደብር ሥዕል ላይ ውሏልና አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ግን፦

«እኛ እንዳለቀስነው የሚያለቅስ አገር አለ። ጣሊያን በእኛ የሠራውን እኛ በወገናችን አንሠራም» አሉ።

ሽማግሌዎቹም ሥዕሏ ወደ ደብሯ እንድትመለስ ተስማሙ። መጋረጃው እንኳ ይውለቅልዎ ቢባሉ፣ ለእመቤቴ የሰጠሁትን አልገፍም ብለው ከነመጋረጃው ሸኟት። ወይዘሮ መይሙና፣ የወርቅ ክሬ ጎጃም ገባ፣ እኔ ግን እዚሁ ቅርብ ካለችው ከሂርና አላለፍኩ እያሉ ሲያስቋቸው ኖሩ።

የደብራችን ሥዕል እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ወይዘሮ ሳህሊቱ ግን በሰጡት አልተጸጸቱም፤ መጠየቃቸውንም አላቆሙም። ሲቆጡ ቶሎ፣ ሲታረቁም ቶሎ የነበሩ፣ ደጃቸው ለማንም ያልተዘጋ እናት ነበሩ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሐረር ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አንድ ልጅና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል፤ እንደ እህት ያዩዋቸው የነበሩት ወይዘሮ መይሙናም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ለቅሶ ተቀምጠዋል።

ሥዕሏን ሲጠብቁ ኖረው አላገኟትም፤ እመቤታችን ራሷ ወጥታ ትቀበላቸው። አሜን።