ማርያም የሳመችው ጉንጭ

…ልጃችን ፀሐዩ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ፊቱን አጨማዶ፣ አንቺ ከጎኔ ሆነሽ ወደ እኛ እንዲያይ ስትጠሪው፣ እኔ ካሜራውን ደቅኜ አንዴ ጸጥ በሉ ስል… ከዚያ ወዲያ ያለው አይመጣልኝም።

እንዴት ነሽ፣ የልጄ እናት? ጤናሽ፣ ቤትሽ፣ አዲሷ ሕፃንሽ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። የእኔን ደህና ነኝ መቼም ታውቂዋለሽ።

ያቺን ኔጌቲቭ ታስታውሻለሽ? ከጓደኛዬ ፊልም መጨረሻ የተረፈችውን አንዲት። የታጠበው ፎቶ ከልጃችን ጋር ይቀበር ስትዪ ሌላ የለንም ማለት አቃተኝ። ኔጌቲቩን ግን ጠርዙን ከርክሜ፣ እንደ መታወቂያ በላስቲክ አስለብጬ፣ አሥራ አምስት ዓመት በደረት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። አሁን እየደበዘዘ ነው። ሳይጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባው አልኩ።

መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩ። አንዱን ስልክ አብርቼ ላዩ ላይ አስተኝቼ በሌላው አነሳሁት። ቀለሙን ስገለብጠው የስክሪኑ ነጠብጣብ አብሮ ወጥቶ ፊቱን ሁሉ ማርያም የሳመችው አስመሰለው። ሳቅሁ፣ ብቻዬን። በፖስታ ተልኮለት አጥርቶ የሚመልስ ድርጅት አለ አሉኝ፤ ከእጄ ላወጣው አልቻልኩም። በመጨረሻ ፎቶ ቤት ወሰድኩት፤ እያየሁ በስካነር እንዲያነሱልኝ።

እዚያ የምትሠራው ሴትዮ አገላብጣ አየችው። የፊልም ፊትና ጀርባ ጠርዙ ላይ ባለው ቁጥር ይለያል አለችኝ፤ እሱን ቆርጬዋለሁ። ቁጥሩ ባይኖር እንኳ አንዱ ወገን ያብለጨልጫል፣ አንዱ ደብዛዛ ነው፤ ላስቲኩ ሁለቱንም አንድ አድርጎታል። በሁለቱም በኩል አነሳችውና ጎን ለጎን አሳየችኝ። ሁለት ልጅ። የአንዱ ማርያም የሳመችው ነጥብ በቀኝ ጉንጩ፣ የሌላው በግራ።

የትኛው ነው አለችኝ። አንቺስ ምን ይመስልሻል አልኳት። ሳቀች።

«ጋሼ፣ ልጁ የእርስዎ፤ የሚጠይቁት እኔን?»

የቀኙ ነው አልኩ። እንደሚያውቅ ሰው።

አትማ ሰጠችኝ። ሦስት ቀን ግድግዳዬ ላይ አየሁት። አንዳንዴ እሱ ነው። አንዳንዴ የጎረቤት ልጅ ነው።

ነጥቡ ላይ ስትስሚው በየትኛው ጉንጩ በኩል ነበር? አንዲት ቃል ብቻ ጻፊልኝ። ረሳህ እንዴ አትበዪኝ። ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ቤትሽን ይባርክልሽ። ሕፃኗን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የልጅሽ አባት

ፖስታ ቤት አልሄድኩም፤ ደረጃችሁ ላይ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። የሕፃኗ ሳቅ እዚህ ድረስ ይሰማል። ከላይ ከበራችሁ የእግር ኮቴ መጣ፤ ደረጃው አናት ላይ ቆመ። ተመለሰና በራችሁ ተዘጋ።