ከመስመሩ በላይ ያለው ብቻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ሦስት ሕፃናት አዋለድኩ። ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሴቷ ገና እንደወጣች ክፍሉን በጩኸት አናወጠችው... እንደኔ ነገረኛ ልትሆን ነው።

ከሰዓት የነርሶችና የአዋላጆች አለቃዋ ሜትሮን አስጠራችኝ። የማዋለጃ ክፍል ኃላፊነት ለኔ! እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ አለች። እምቢ ካልኩ ከውጭ ሰው ሊቀጠር ነው። እግሬ መሬት ሳይረግጥ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለእትዬ ነገርኳቸው። ይህን ሙያ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አቅፈው ሳሙኝ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

"እንዳትቀበዪ ልጄ። ለኔም ከስድስት ዓመት በፊት ተሰጥቶኝ ትቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"ደሞዝሽ መስመሩን ያልፋላ! ግብሩ ጭማሪውን ጥርግ አድርጎ በልቶ ከድሮውም ያነሰ ይዘሽ ትገቢያለሽ።"

እኛ ክፍል ይሄን የማይል የለም። መስመሩ አስር ሺህ ነው። ከዚያ በታች ግብሩ ሃያ በመቶ፣ ከዚያ በላይ ሠላሳ። አሁን ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ነው የማገኘው፤ ኃላፊ ብሆን አስራ አንድ ሺህ። አስራ አንዱን ሺህ በሠላሳ አሰላሁት... እውነትም እጄ የሚገባው ያንሳል! የእናቴን መድኃኒት የምገዛው እኔ ነኝ። ከእሷ ቀንሼ ኃላፊ ልባል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሜትሮኗን እምቢ ልላት ነው። ከዚያ በፊት ግን ደሞዝ ክፍል ሄጄ ራሴ ልጠይቅ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ደሞዝ ክፍል ሄድኩ። በስንት ዓመቴ! ዲግሪ ይዞ ስለ ገዛ ደሞዝ መጠየቅ ያሳፍራል... ግን እፍረት መድኃኒት አይገዛም። ሒሳብ ሠራተኛው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

"ጠቅላላው በሠላሳ ይቆረጣል ያለሽ ማነው?"

"ሁሉም ሰው።"

"ሁሉም ሰው መጥቶ ጠይቆኝ አያውቅም።"

ለካ እስከ አስር ሺህ ያለውን ሠላሳው አይነካውም፤ እዚያው ሃያው ላይ ነው። ሠላሳው ከመስመሩ በላይ ባለችው አንድ ሺህ ላይ ብቻ ነው። ሦስት መቶ ለግብር፣ ሰባት መቶ ለኔ። በቃ!

"ታዲያ ሰው መስመሩን በማለፉ ያነሰ ይዞ ቤቱ አይገባም?"

"በጭራሽ!"

ኧረ ጉድ! ይሄን ነው ስንፈራ የኖርነው? ደረጃውን እየሳቅኩ ወረድኩ። ታች ስደርስ እትዬ ትዝ አሉኝ። አሁን በምን አፌ ልንገራቸው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እሺ አልኩ! ፈረምኩ!

የእናቶች ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ጥግ ላይ መስመር አስምሬ ለሁሉም አስረዳሁ። ምጥ ይዟት ኮሪደሩ ላይ የምትመላለስ እናት ቆማ አዳመጠች። "ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል?" ብላ ወገቧን ይዛ አለፈች። በሳቅ ፈረስን።

እትዬ ብቻ አልሳቁም። "ስድስት ዓመት..." አሉ፣ ሰሌዳውን እያዩ። ጓንታቸውን አጥልቀው ወደዚያች እናት ሄዱ።

ደስታዬ ላይ ውሃ ተቸለሰበት። ባልነግራቸውስ ይሻል ነበር?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

የኃላፊነት የመጀመሪያ ደሞዝ! ሹመቱ የጀመረው ከኅዳር 1 ነው።

እማዬ "ስንት ቆረጡብሽ?" አለች። ነገርኳት። "ያን ሁሉ!" ብላ ጮኸች። ትንሽ ቆይታ በረንዳ ላይ ለጎረቤታችን ስታወራ ሰማኋት፦ "የልጄ ግብር ብቻውን የኔን የድሮ ደሞዝ ያክላል!" አይ እማዬ... እኔም ኮርቻለሁ። ከራሴ ምን እደብቃለሁ?

ግን የዛሬው ትልቁ ነገር እሱ አይደለም። ከሥራ ስወጣ እትዬ በር ላይ ጠበቁኝ። እጃቸው ላይ ወረቀት። የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ቦታ ክፍት ሆኗል፤ ሊያመለክቱ ነው!

"ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ... አይስቁብኝም?"

"ማን አባቱ ነው የሚስቀው!"

"እንግዲያው ቦታሽን ሙይልኝ" አሉና እየሳቁ በጣታቸው አሳዩኝ። "የቅርብ ኃላፊ አስተያየት" ይላል። የቅርብ ኃላፊያቸው... እኔ!

"ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።