የእማማ ዘይቱና ግፊት

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ዛሬም ጨመረ። 165 በ100። ባለፈው 160፣ ከዚያ በፊት 155። የእማማ ዘይቱና ደ/ግፊት በየሳምንቱ ሽቅብ ነው። ጨው ይቀንሱ አልኳቸው፣ ቀነሱ። ክኒናቸውን አያስተጓጉሉም። ታዲያ ምንድን ነው? ሦስቴ ለካሁ። እሳቸው አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ ከማለት በቀር ዝም። መድኃኒት ይጨመርላቸው ብዬ ለሲ/ር አስቴር ጻፍኩ።

ኮሌጁ ለእያንዳንዳችን የነርስ ተማሪዎች ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ አንድ ቤት ሰጥቶናል። ሴሚስተሩን ሙሉ በየረቡዑ እየሄዱ መለካት፣ መምከር፣ መዝግቦ ለአስተማሪያችን ለሲ/ር አስቴር ማስረከብ። ሌሎቹ ይነጫነጫሉ። እኔ ግን፣ ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ከሳምንቱ ውስጥ የኔ የምላት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ሌላው በሙሉ የአባዬ ነው። ጠዋት የኮንትራት ባጃጅ ከሰፈራችን ከአቦከር ወደ ኮሌጅ፣ ከሰዓት ያው ባጃጅ ከኮሌጅ ወደ አቦከር። አንድ ቀን እንኳ መንገድ አይሳሳትም!

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ
አበቃልኝ። ደ/ብርሃን፣ አክስቴ ጋ ልሄድ ነው። አባዬ ወስኗል። ሻምበል ነው፣ ሲወስን አይጠይቅም። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ዓይኑን ከኔ ላይ አያነሳም፤ ግዳጅ ስወጣ ማን ይጠብቅሻል ነው ነገሩ። የኮሌጅ ዝውውር ቅጹን ራሱ ሞልቶታል። ምክንያት በሚለው ላይ "የቤተሰብ ችግር" ብሏል። ችግሩ እኔ ነኝ ማለት ነው። የቀረው የኔ ፊርማ ነው። እስከ ኅዳር 19 መግባት አለበት።

እሺ አልኩ። እሺ! ከደሴ ጅጅጋ ሲሉኝ እሺ፣ ከጅጅጋ ሐረር ሲሉኝ እሺ፣ ነርስነት ተማሪ ሲሉኝም እሺ። አክስቴ ደግሞ ከአባዬ ትብሳለች፤ መስኮት ላይ ቆመሽ ማንን ታያለሽ የምትል ሴት ናት። እዚህ ቢያንስ ረቡዕ አለችኝ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ 11፡30
ውርደት። ምን ብዬ ልጻፈው?

ቁጥሩ ስላሳሰባቸው ሲ/ር አስቴር ዛሬ አብረውኝ መጡ። አያቶቻቸው ሳይቀሩ እዚሁ ሐረር የተወለዱ ናቸው፤ ከእማማ ጋር በሐረሪኛ እየተሳሳቁ ገቡ። እኔ እንደ ልማዴ ቦታዬ ላይ ወጥቼ ቁጭ።

ቦታዬ! እማማ ቤት ወንበር የለም። ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ ቀይ መደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፍ ያለውን መርጫለሁ፤ ከበሩ ብርሃን ስለሚገባ የመለኪያው መርፌ በደንብ ይታያል። ሲ/ር አስቴር ክንዴን ይዘው አወረዱኝ። እዚያ የሚቀመጠው አባወራው ብቻ ነው አሉ። የእማማ ባል ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው። ከዚያ ወዲህ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ አልተቀመጡበትም። እኔ አምስት ሳምንት ተንሰራፍቼበታለሁ!

ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተን ለካን። 130 በ80።

ሲ/ር አስቴር መንገድ ላይ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለካ በሽታቸው አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔን አላሳቀኝም። መድኃኒት ላስጨምርባቸው ነበር እኮ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ቤ/ክ ሄድን። አባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ስንመለስ ፈረምሽ ወይ አለኝ። እፈርማለሁ አልኩ። ራሴን ጠላሁት።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት
ለይቅርታ እማማ እግር ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ቁጢ ቀዱልኝ፣ የቡና ቅጠል ሻይ። ለሌላው ሰው ወተት ያደርጉበታል፤ ረቡዕ እንደምጾም ካወቁ ወዲህ ለኔ ባዶውን ነው። ይህን ሁሉ ያስቡልኛል፣ ተነሺ ማለት ግን አቃታቸው። ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። እንግዳ እንዴት ተነሽ ይባላል አሉ። እዚያ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ባላቸው ከደጅ የሚመጡ እየመሰላቸው ልባቸው ይመታ ነበር። ያም ሆኖ ረቡዕ ስትደርስ ደስ ይላቸዋል። ሁለቱም እውነት ነው አሉ።

ምናልባት የመጨረሻ ቀኔ ነው አልኳቸው። ስለ ቅጹ ነገርኳቸው። መሄድ እንደማልፈልግ አባቴ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አያውቅም። ነግሬው አላውቅም።

መለኪያውን ከእጄ ወስደው ክንዴ ላይ ጠቀለሉት። አምስት ሳምንት ሲያዩኝ ተምረዋል። ንፊው አሉኝ። ነፋሁ። አነበብኩ። 145 በ95፣ በሃያ ዓመቴ።

"ወላሂ ልጄ፣" አሉ፣ "አንቺም ቦታሽ ላይ ሰው ተቀምጦብሻል። እኔ አምስት ሳምንት ዝም አልኩ። አንቺስ ዝም ካልሽ ስንት ዓመትሽ ነው?"

እስከ ባጃጁ ድረስ አለቀስኩ።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት
ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። አባዬ እስክሪብቶውን ሳይቀር ከላዩ አስቀምጦልኛል። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ደጅ ላይ ቡትስ ጫማውን እያወለቀ ነው። አንዱን ጣለ። ቢቆጣስ? ይቆጣ። ሁለተኛውን ጣለ።

አልፈርምም። ይኸው ጻፍኩት። አሁን ደግሞ በአፌ ልነግረው ነው።