የመንታዎቹ ስለት

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ባሌ ሙሌ ወደ ሥራ ሲወጣ የቀዳልኝን ውሃ ደፋሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም።

ሰባተኛ ወሬ ውስጥ ነኝ። ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት የማህፀንሽ አንገት እያጠረ ነው፣ ልጆቹ ቀድመው እንዳይመጡ ተኚ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ሆድሽ ቶሎ ቶሎ ከጠነከረ ነይ ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። መተኛቱንስ ተኝቻለሁ። ውሃው ግን የስለት ነገር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጄ በስድስተኛ ወሬ ሞታ ስትወለድ፣ ሌላ ከሰጠሽኝ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ለእመቤቴ ማርያም ተስያለሁ። ሁለት ሰጠችኝ። ታዲያ እንዴት ልክዳት?

ማክሰኞ

ሆዴ የጠነከረው፦ አምስቴ። ሽንት ቤት የሄድኩት፦ አንዴ። ለሙሌ የዋሸሁት፦ ሁለቴ። በላሽ? በላሁ። ጠጣሽ? ጠጣሁ።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ቢኖሩ ፊቴን አይተው ብቻ ያውቁብኝ ነበር። በእሳቸው በኩል ያለው ሰፈር ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ልደውልላቸው አስቤ ተውኩት። በስልክ ፊት አይታይም።

ረቡዕ

ደም አየሁ። ትንሽ ነው፣ ግን ደም ነው። ሙሌ ሰዓት ከሚጠግንበት ሱቅ እየሮጠ መጣ። በዚያ ዝናብ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ታክሲ ውስጥ ተገትረን የምንቀር መሰለኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ከንፈሬን አይታ፣ «ውሃ ከጠጣሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?» አለችኝ። ሙሌ አጠገቤ ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠጣሁም አልኩ፤ ስለቱንም ተናገርኩ። እሱ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ቆመ።

ግሉኮስ ሰኩልኝ። የልጆቹን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌም ወጉኝ፣ ምናልባት ቶሎ ከመጡ ብለው።

ዓርብ

ሁለተኛውን መርፌ ትናንት ወሰድኩ። የጀመረኝ ምጥ ረገብ ብሏል፣ አልቆመም።

የንስሐ አባቴ መጡ። «እኔን ሳትጠይቂ ለምን ተሳልሽ? እርጉዝን ጹሚ ያላት ማነው?» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከስለቱ ፈትተውኝ፣ መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። ሐኪሟን በእኔ ጥፋት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አንገቱ ቀድሞም አጥሮ ነበር፣ ጥማቱ ግን አልረዳሽም አለችኝ። አለቀስኩ።

ሙሌ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «በፊተኛዋም ጊዜ እንዲህ ደብቀሽኝ ነበር?» መልስ ሳልሰጠው የጠያቂ ሰዓት አለቀ።

እሑድ

ዛሬ መለስኩለት። ምንም አልደበቅኩህም አልኩት። ያን ጊዜ የተባልኩትን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ተኝቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ክኒኑን በሰዓቱ ውጫለሁ። እሷ ግን ሞተች። ከዚያ በኋላ በሐኪም ቃል ብቻ መኖር አቃተኝ።

ሙሌ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ስትቀበር እንኳ አላለቀሰም ነበር። ኋላ አፍንጫውን ጠራርጎ፣ «ከአሁን በኋላ ንገሪኝ። ምንም ባላደርግልሽም ንገሪኝ» አለኝ።

ጠዋት የሁለቱም ልብ ተሰምቷል። እስከ መቼ እንደሚቆዩልኝ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ይህን ስጽፍ ሆዴ አንዴ ጠነከረ። ነገርኩት።