ያልተቆለፈው ቢሮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8፣ ምሳ ሰዓት

መዝገብ ቤት ብቻዬን ነኝ። ፋይል አገላብጣለሁ፣ በየመሃሉ ስልኬን አያለሁ። ዳታ የለም። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ እንዲሁ ነው። ደብተሬ፣ ሌላው ሰው ደውሎ ይግባባል። አበበች ግን መስማት አትችልም። ታናሽ እህቴ፣ አ/ምንጭ ያገባች፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር። የምናወራው በቪዲዮ፣ በእጃችን ነው። ፊደል ብዙም አልቆጠረች፤ ቴክስቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና። አንቺስ?» ፊቷን ካየሁ ሳምንት አለፈ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

የመ/ቤቱ ኢንተርኔት የገመድ ስለሆነ ይሠራል። ግን ዋይፋዩ ያለው ኃላፊያችን አቶ ጳውሎስ ክፍል፣ ለሥራ ብቻ። የአበበች ባል ምናሴ የሚሠራበት ሆቴልም ዋይፋይ አለ። የጎደለው በእኔ በኩል ነው። ማመልከቻ ጻፍኩ። ሦስቴ ቀደድኩት። በመጨረሻ፦ መስማት ለማይችል ሰው ስልኩ ኢንተርኔት ነው፤ እሱን መዝጋት አፉን መያዝ ነው። ይህቺን ልሰርዛት አልኩ። ተውኳት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

አስገባሁ። አቶ ጳ. አንብበው ተነሡ፣ በሩን ዘጉ። ሌላ ማን አየው? አሉኝ። ማንም አልኩ። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጊዜው እንዴት እንደሆነ አታውቂም ወይ አሉኝ፣ ቀስ ብለው። አውቃለሁ አልኩ።

«ይህን ወረቀት እኔ አላየሁትም» አሉ ኋላ። «ሰኞ ምሳ ስወጣ ግን ቢሮዬን አልቆልፍም።»

አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ለምናሴ ቴክስት፦ አበበችን ሰኞ 6፡30 ሆቴል አምጣት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

አየኋት! ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ግን አየኋት። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ ታምሜ የደበቅኳት መስሏት ነበር። ቀጥሎ ስሜን በእጇ ጠራች፦ አገጯን በጣት መንካት ነው፣ የእኔ ጠባሳ ያለበትን። ሆዷን ካሜራው ላይ ደቀነችው። ሲራገጥ አየሁ። ወይ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ሁሉ የተሳሳተ ፋይል ውስጥ ከተትኩ። ግድ የለኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ወለደች። ምናሴ፦ «ሴት። ሁለቱም ደህና።» ኮሪደሩ ላይ ጮህኩ። አቶ ጳ. ሳቁ፤ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21፣ 11 ሰ.

ዛሬም ምሳ ሰዓት ቢሮው አልተቆለፈም። ሕፃኗን አየሁ፣ ምናሴ ከሆቴሉ በላከው ፎቶ። ስወጣ ፋይናንስ ያለችው ወ/ሮ በላይነሽ በር ላይ። ልጇ ዓረብ አገር ናት፤ ስልክ መደወል ይወደድባታል፣ ድምፅዋ ከጠፋ ቆየ። እኔም ልግባ አለች። አስገባኋት። እያለቀሰች ወጣች፣ ደስ ብሏት።

ግን አቶ ጳ. ቢዛወሩስ? በሩ የተከፈተው በአንድ ሰው ደግነት ነው። በላይነሽ ለዞኑ እንጻፍ አለች፣ ለሁላችን። ማን ቀድሞ ይፈርም? ተያየን።

«እኔ» አልኳት።

ፈርቻለሁ። ደስም ብሎኛል። ወረቀቱ ፊቴ ነው። ጉዳዩ፦ ከቤተሰቦቻችን ጋር እንድንገናኝ ኢንተርኔት እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ።